ቼሪ ሽሪምፕን ከዓሣ ጋር በአንድ አኳሪየም ማኖር፦ ዝርዝር መመሪያ

ዓሣ ያለበት አኳሪየም፣ ማለትም የመስታወት ገንዳ፣ ውስጥ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ ቅርፊት ለባሽ የውሃ ፍጥረት ገዝቶ የሚጨምር ሰው የሚገጥመው ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሽሪምፖቹ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይታያሉ። ሳምንት ሳይሞላ ድንጋይ ሥር ይደበቃሉ። ወር ሲደርስ አንድም አይገኝም። ከዚያ «ሽሪምፕና ዓሣ አብረው አይኖሩም» ይባላል።

ይኖራሉ። አብረው የሚኖሩባቸው ብቻ ሳይሆን ሽሪምፖቹ የሚዋለዱባቸውና የሚበዙባቸው አኳሪየሞች ሞልተዋል። ቁም ነገሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ውሃው ይደላደላል። ቀጥሎ ሽሪምፖቹ ብቻቸውን ገብተው ይበዛሉ። ዓሣው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ግን በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ዓሣው ቦታውን ከያዘ በኋላ ሽሪምፑን ያስገባል። ለዓሣው ደግሞ አዲስ የመጣ ትንሽ ነገር ሁሉ ምግብ ነው።

እዚህ የምጽፈው ከባዶ መስታወት ለሚጀምር ሰው ነው። አምስት ወር ገደማ ይፈጃል። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ትዕግሥቱ ነው የሚከብደው።

የትኛው ሽሪምፕ?

ለጀማሪ የምመክረው ቼሪ ሽሪምፕን ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኒዮካሪዲና ዳቪዲ ነው። አገሩ ታይዋንና ቻይናን ጨምሮ ምሥራቅ እስያ ነው። በተፈጥሮ ቡናማና ደብዛዛ ነው። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ሰማያዊውም አርቢዎች እየመረጡ ያወጡት ቀለም ነው። አድጎ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው።

አንድ ቀለም ምረጡና በእሱ ጽኑ። ቀዩን ከሰማያዊው ብትቀላቅሉ ይዳቀላሉ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ አብዛኛው ጫጩት ወደ ዱሩ ቡናማ ቀለም ይመለሳል።

አማኖ ሽሪምፕ ሌላው ጥሩ ምርጫ ነው። ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው የአኳሪየም ዲዛይነርና ፎቶግራፍ አንሺ ከታካሺ አማኖ ነው። እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ ትናንሽ ዓሦች አይደፍሩትም። አልጌ ሲበላ ወደር የለውም። ግን ቤት ውስጥ አይራባም ማለት ይቻላል፤ እጮቹ ለማደግ ጨው ያለበት ውሃ ይፈልጋሉ። ለጽዳት ብቻ ከሆነ አማኖ ግዙ። ሲራባ ማየት ከፈለጋችሁ ቼሪ።

ነጭና ቀይ መስመር ያለውን ክሪስታል ሽሪምፕ አይታችሁ ልትማረኩ ትችላላችሁ። እሱ ለስላሳና ትንሽ አሲዳማ ውሃ ይፈልጋል፤ በቀላሉም ይሞታል። ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ረጅም የመቆንጠጫ ክንድ ያለውን ሽሪምፕ ደግሞ ጭራሽ አትግዙ። እሱ ራሱ ዓሣ አዳኝ ነው።

መስታወቱና ዕቃው

40 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ 10 ጋሎን የሚባለው ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ርካሽ ይመስላል፤ ግን ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበላሻል። ሲሞላ 50 ኪሎ ስለሚደርስ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ክዳን ይኑረው።

ፊልተሩ የስፖንጅ ፊልተር ይሁን። በአየር ፓምፕ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። ጫጩት አይስብም። ስፖንጁ ላይ የሚበቅለውን ባክቴሪያና አልጌም ሽሪምፖቹ ቀኑን ሙሉ ይለቅሙታል። ሌላ ዓይነት ፊልተር ካላችሁ ውሃ የሚስብበትን አፍ በስፖንጅ ሸፍኑት። ይህን ካላደረጋችሁ ጫጩቶቹ ተስበው ያልቃሉ፤ ጥፋቱ ግን በዓሣው ይመካኛል።

የአየር ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጡት፤ ወይም ቱቦው ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን ትንሽ ቫልቭ ግጠሙ። መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑን ሊያበላሽና ወለሉን ሊያጥለቀልቅ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ። ሽሪምፕ ከብዙ ዓሦች ይልቅ የኦክስጅን እጥረት ይጎዳዋል።

ሂተር እንደየአገሩ ነው። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሂተር ሽሪምፑ ይኖራል፤ ግን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ መራባቱ ይዘገያል። ሂተሩን 23 ላይ አድርጉት። ለገልፍ አገሮች ችግሩ ተቃራኒው ነው። ውሃው ከ28 ዲግሪ እንዳያልፍ ክፍሉ መቀዝቀዝ አለበት። በበጋ ከቧንቧ ትኩስ ሆኖ የሚወጣውን ውሃ ሳይበርድ አትጨምሩ።

ጠጠሩ ጠቆር ያለ ይሁን። ነጭ ጠጠር ላይ ሽሪምፕ ቀለሙን ያደበዝዛል፤ ጥቁር ላይ ደግሞ ያደምቃል።

አሁን ወደ ዋናው ዕቃ ልምጣ፤ ተክሉ። ሽሪምፕን ከዓሣ ጋር ለማኖር ገንዘብ ካላችሁ ተክል ላይ አውጡት። ከተክል ሁሉ ደግሞ የጃቫ ሞስ ይበልጣል። ብዙ ብርሃን አይፈልግም፤ ማዳበሪያ አይፈልግም፤ መትከልም አያስፈልግም። ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር አስራችሁ ብትተዉት ይበቅላል። ጥቅጥቅ ያለ ሞስ ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር የምታህል ጫጩት ትገባለች፤ የዓሣ አፍ ግን አይገባም። ጫጩቶቹ የመጀመሪያ ሳምንታታቸውን እዚያው ሞሱ ውስጥ የሚበሉትን እያገኙ ያሳልፋሉ። የአኳሪየሙን ወለል ቢያንስ ሲሶውን ሞስ ይሸፍነው። አኑቢያስና የጃቫ ፈርንም ጨምሩ፤ ሁለቱም ቻይ ናቸው።

ከሱቅ የመጣ ተክል ላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት ሊኖር ይችላል። ለዓሣ ምንም የማያደርግ መጠን ሽሪምፕን ይፈጃል። ስለዚህ ተክሉን በባልዲ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሳምንት አቆዩት፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። ሽሪምፕ ከሚያረባ ሰው ማግኘት ከቻላችሁ ግን ከሁሉም ይሻላል። ከሐይቅ ዳር የተነቀለ ተክል አታምጡ። የተርብ ዝንብ እጭ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሽሪምፕ ይበላል።

ውሃው

የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን አለ። ክሎሪን ሽሪምፕንም፣ ጠቃሚ ባክቴሪያዎቹንም ይገድላል። ውሃውን በባልዲ አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣል የሚባለው እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ከተሞች አሁን የሚጠቀሙት ክሎራሚን ነው። እሱ በማሳደር አይወጣም። ለምሳሌ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ዋሽንግተን ዲሲ ከ2000 ጀምሮ ክሎራሚን ይጠቀማል። በየዓመቱ በፀደይ ለጥቂት ሳምንታት ደግሞ ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ወደ ክሎሪን ይቀይራሉ። ስለዚህ አትገምቱ። ክሎሪንንም ክሎራሚንንም የሚያከሽፍ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ግዙና ሁልጊዜ ተጠቀሙ። አዲስ አበባ ላይ በሮቶ የተጠራቀመ ውሃ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ጠብታውን አትተዉ።

ከዚያ ማዕድኑ ይመጣል። ሽሪምፕ ቅርፊቱን የሚሠራው ከውሃና ከምግብ በሚያገኘው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። የእነዚህን መጠን የሚለካው ጂኤች ይባላል። ለቼሪ ከ6 እስከ 10 ጥሩ ነው። ኬኤች የሚባለው ደግሞ ፒኤች (የውሃው የአሲዳማነት መለኪያ) እንዳይዋዥቅ የሚያደርገውን ይለካል፤ ከ2 እስከ 8 ይሁን። ፒኤች ከ6.5 እስከ 7.8። እነዚህን ሦስቱንና አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት የሚለካ ኪት የግድ ያስፈልጋል። ያለ ኪት ሽሪምፕ ማርባት በዓይን ጨፍኖ መሄድ ነው።

ጂኤችንና ኬኤችን አታምታቱ። በስምጥ ሸለቆ ያለ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ኬኤቹ ከፍ ብሎ ጂኤቹ ግን ዝቅ ሊል ይችላል። «ውሃችን ከባድ ነው፤ ማዕድን አያንሰውም» ብሎ መደምደም እዚያ ላይ ያሳስታል። እስራኤልና ገልፍ ያላችሁ ደግሞ ከባሕር የተጣራ ውሃ የምትጠጡ ብዙዎች ናችሁ። እንዲህ ያለ ውሃ ማግኒዥየም ያንሰዋል። መፍትሔው ለሽሪምፕ ተብሎ የሚሸጠው የጂኤች ማዕድን ዱቄት ነው። አዲስ ውሃ ላይ ትንሽ በትንሽ እየሟሟ ይጨመራል።

ዱቄቱ የማይገኝበት ቦታ ታጥቦ የተቀቀለ የእንቁላል ቅርፊት ቁራጭ ፊልተሩ አጠገብ ማስቀመጥ ካልሲየም ይሰጣል። ማግኒዥየም ግን አይሰጥም፤ የሚሟሟውም በዝግታ ነው።

መዳብ ጠላት ነው። ለሽሪምፕ በጣም ትንሽ መጠኑ መርዝ ነው። ቤታችሁ የመዳብ ቧንቧ ካለው ጠዋት ከመቅዳታችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ አፍስሱት። ከሙቅ ውሃው መስመር አትቅዱ።

ማደላደል፦ ሽሪምፕ የሌለበት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት

ውሃ ሞልታችሁ፣ ፊልተር አስነስታችሁ፣ ተክል አስገብታችሁ ሽሪምፕ አትግዙ። የሚበሰብስ ምግብና ኩስ አሞኒያ ይሆናል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው። ናይትሬት በትንሹ ከሆነ ይቻላል፤ ከ20 ሚሊ ግራም በሊትር በታች አቆዩት። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ አኳሪየም ውስጥ በቂ ሆነው እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም ይበልጣል።

አሠራሩ ይኸውና። በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉበት፤ ይበስብስ። በየሳምንቱ ለኩ። መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፤ ቀጥሎ ናይትራይት ይወጣና አሞኒያው ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ ሥራው አልቋል። ሌላ ጤነኛ አኳሪየም ካለው ሰው የተጠቀመበትን የፊልተር ስፖንጅ ቁራጭ ማግኘት ከቻላችሁ ጊዜው በጣም ያጥራል።

ዜሮ ካያችሁ በኋላ ግማሹን ውሃ ቀይራችሁ ሁለት ሳምንት ጨምሩ። ይህ የኔ ምክር ነው፤ ብዙ መመሪያ ይዘለዋል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ድንጋዩና ተክሉ ላይ ቀጭን የሚያዳልጥ ሽፋን ይፈጠራል። አልጌና ባክቴሪያ ነው። ጫጩት የምትበላው እሱን ነው። መስታወቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ስታዩ አትፈግፍጉት።

ሽሪምፖቹን ማስገባት

ከ15 እስከ 20 ግዙ። ከአምስት ስድስት ብትጀምሩ ሁሉም ወንድ ወይም ሁሉም ሴት ሊሆኑባችሁ ይችላሉ። ትልልቆቹን አትምረጡ፤ ዕድሜያቸው ሊያልቅ የተቃረበ ሊሆን ይችላል። መካከለኞቹ ቦታውን ቶሎ ይለምዳሉ።

ቤት ስትደርሱ ሽሪምፖቹን ከነውሃቸው ወደ ንጹሕ ዕቃ ገልብጡ። ከአኳሪየሙ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሳቡ። ቱቦውን ቋጥሩትና በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ እንዲወርድ አድርጉ። ውሃው ሦስት እጥፍ እስኪሆን ጠብቁ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በመረብ አንስታችሁ አስገቧቸው። የሱቁን ውሃ አታስገቡ። ሽሪምፕን የሚገድለው አዲሱ ውሃ መጥፎ መሆኑ ብቻ አይደለም። የውሃው ማዕድን ባንዴ መለዋወጡ ጥሩ ውሃ ውስጥም ይገድለዋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደበቃሉ። ተዉአቸው።

ከሳምንት በኋላ ባዶ፣ ነጣ ያለ፣ ሽሪምፕ የሚመስል ነገር ወለል ላይ ታያላችሁ። ሬሳ አይደለም፤ ያወለቀው ቅርፊት ነው። አታውጡት፤ ማዕድኑን ለማግኘት መልሰው ይበሉታል። ቅርፊቱን ያወለቀው ሽሪምፕ ለአንድ ሁለት ቀን ለስላሳ ስለሚሆን ይደበቃል። መደበቂያ የሌለው አኳሪየም ውስጥ ዓሣ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው በእነዚህ ቀናት ነው። ሞሱ ለጫጩት ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ሽሪምፖች አብደው አኳሪየሙን ሲዞሩ ታያላችሁ። ውሃው ተበላሽቶ እንዳይሆን ለኩ። ደህና ከሆነ አንዲት ሴት ቅርፊት ቀይራለች ማለት ነው፤ ወንዶቹ ሽታዋን ተከትለው እየፈለጓት ነው። ሴቷን ከወንዱ የምትለዩት በመጠኗ፣ በደማቅ ቀለሟና በሰፊ ሆዷ ነው። ከራሷ ጀርባ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ኮርቻ የመሰለ ነገር ካያችሁ እንቁላል እየተዘጋጀ ነው። ከተጣመሩ በኋላ እንቁላሉ ወደ ሆዷ ሥር ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ይሆናሉ። ለአንድ ወር ገደማ በእግሮቿ እያራገበች ትሸከማቸዋለች። የሚወጡት ጫጩቶች እንደ እናታቸው ሙሉ ቅርጽ ያላቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ ጠብቁ። ጫጩቶቹ አድገው ራሳቸው እንቁላል እስኪሸከሙ፣ ሦስት ወር ያህል። አኳሪየሙን በጨረፍታ ስታዩ ትልቅም፣ መካከለኛም፣ ትንሽም ባንዴ የሚታይ ከሆነ ለዓሣ ዝግጁ ናችሁ።

ጎረቤቱ ማን ይሁን?

አንዱን ሕግ ያዙ፤ ሽሪምፕ የሚገባበት አፍ ያለው ዓሣ ሽሪምፕ ይበላል። የዓሣው ጸባይ ጨዋ ነው መባሉ አይጠቅምም። ጨዋ የሚባለው ኒዮን ቴትራ ራሱ ጫጩት ካገኘ ይውጣል። ስለዚህ ጥያቄው «ይበላል ወይ?» ሳይሆን «ከሚወለደው ስንቱን ይበላል?» ነው።

ጫጩትን እንኳ የማይነካ ዓሣ ካላችሁኝ የምጠራው ኦቶሲንክለስን ነው። አፉ አልጌ ለመላስ የተሠራ ነው። አራት አምስት ሆነው ይገዙ፤ ብቻውን ይጨነቃል። አልጌ የሌለው አዲስ አኳሪየም ውስጥ ግን ይርበዋል፤ እየመነመነ ይሞታል። ቀንድ አውጣም ሰላማዊ ነው። ኔሪት የሚባለው መስታወት ያጸዳል፤ በጨው አልባ ውሃ ስለማይፈለፈል አይበዛም።

ቀጥሎ የማስቀምጣቸው ቺሊ ራስቦራ፣ ኤምበር ቴትራና ፒግሚ ኮሪዶራስ ናቸው። ሦስቱም ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙ አያልፉም። ያደገ ሽሪምፕ አይነኩም። የቀን ልጅ ጫጩት ካገኙ ይቀምሳሉ፤ ሞስ በበዛበት ቦታ ግን ጉዳታቸው አይታወቅም። ለ40 ሊትር ከእነዚህ አንዱን ዓይነት ብቻ ምረጡና ስምንት ገደማ አስገቡ። ሦስቱንም ማደባለቅ ዓሣውንም ሽሪምፑንም ያጨናንቃል።

ጉፒ የትም ስለሚገኝ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለሱ ነው። ይሆናል፤ ግን ጫጩት ይለቅማል፣ እሱ ራሱም እንደ ጉድ ይራባል። ወንድ ጉፒ ብቻ፣ አራት ወይም አምስት ይሁን። ቤታ እንደየግለሰቡ ይለያያል። አንዱ ዞር ብሎ አያይም፤ ሌላው በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። ሌላ አኳሪየም ከሌላችሁ አትሞክሩት።

ኤንጀልፊሽ፣ ኦስካር፣ ጎልድፊሽ፣ ታይገር ባርብ፣ ጉራሚ፣ ክላውን ሎች፦ አይሆኑም። ከሐይቅ በጆንያም በጀሪካንም የመጣ የቆሮሶ ወይም የአምባዛ ጫጩትም አይሆንም። ዛሬ ትንሽ ነው፤ ነገ ቤቱን ሁሉ ይውጣል።

ዓሣውን ማስገባት

አዲስ ዓሣ በቀጥታ አይገባም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በሌላ ዕቃ ይቆያል። የፕላስቲክ ሳጥን፣ ስፖንጅ ፊልተርና ሂተር ይበቃል። ይህ ደረጃ ለሁሉም አኳሪየም ጥሩ ነው፤ ሽሪምፕ ላለበት ግን የግድ ነው። ምክንያቱም ዓሣው ከታመመ ሽሪምፖቹ ባሉበት ማከም አትችሉም። ሰውነቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው በሽታ በጣም የተለመደ ነው። ለእሱ የሚሸጡ ብዙ መድኃኒቶች ደግሞ መዳብ አለባቸው። ዓሣውን አድናለሁ ብሎ ወራት የፈጀ ሽሪምፕን በአንድ ቀን መጨረስ አለ። መድኃኒት ሁሉ በሌላ ዕቃ ይሰጥ።

ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በኋላ ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ከመመገብ በኋላ አስገቡት። የጠገበ ዓሣ በጨለማ አያድንም። ሽሪምፖቹም እስኪነጋ ይጠነቀቃሉ። ግማሹን ዓሣ አስገብታችሁ ሁለት ሳምንት ተመልከቱ። ሽሪምፖቹ በቀን ወጥተው የሚለቅሙ ከሆነ ቀሪውን ጨምሩ። ሁሉም ተደብቀው የሚውሉ ከሆነ ግን ዓሣው እያሳደዳቸው ነው። ያኔ ወይ ሞስ ጨምሩ ወይ ዓሣውን አውጡ።

ምግብ

መጀመሪያ ዓሣውን በአንደኛው ጫፍ መግቡ። እዚያ ሲሻሙ ለሽሪምፖቹ የሚሰምጥ ምግብ በሌላኛው ጫፍ ጣሉ። ወይም መብራት ካጠፋችሁ በኋላ ስጡ። የተራበ ዓሣ አዳኝ ስለሚሆን ዓሣውን በማስራብ ጽዳት አትጠብቁ።

ለሽሪምፕ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ቀሪውን ራሱ ይለቅማል። ዝኩኒ በቀጭኑ ቆርጣችሁ ለሁለት ደቂቃ ቀቅሉና አስገቡ። ቆስጣም እንደዚሁ። ከገበያ የመጣ አትክልት በመድኃኒት የተረጨ ሊሆን ስለሚችል በደንብ እጠቡት፤ ከጓሮ የተቀጠፈ ቢሆን ይመረጣል። የተረፈውን በነጋታው አውጡ። ከዛፉ ላይ የደረቀ የዘይቱን (የጓቫ) ቅጠልም ግሩም ነው። አፍልታችሁ ጣሉት፤ ሲበሰብስ የሚያበቅለውን ሽፋን ጫጩቶቹ ይወዱታል። ቅጠሉ ራሱ መደበቂያ ይሆናል።

ሳምንታዊ ሥራ

በሳምንት ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ ቀይሩ። ከዚያ አትብለጡ። ብዙ ውሃ ባንዴ ሲቀየር ሽሪምፖች ሳይዘጋጁ ቅርፊት ለመቀየር ይገደዳሉ፤ ብዙዎቹም መሐል ላይ ይሞታሉ። አዲሱ ውሃ ከአሮጌው ጋር ሙቀቱ ይቀራረብ፤ ቀስ ብሎም ይፍሰስ። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ጨምቁት፤ በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ባክቴሪያው ይሞታል።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሎሽንና ሳሙና ይልቀቁ። አኳሪየሙ ባለበት ክፍል የበረሮ፣ የቁንጫ ወይም የትኋን መድኃኒት ፈጽሞ አትንፉ። በሌላ ክፍል ከተነፋም አኳሪየሙን ሸፍኑና የአየር ፓምፑን ለጊዜው ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ፓምፑ የክፍሉን አየር ቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው የሚከተው። ቡና ተፈልቶ ዕጣን የሚጨስበት ጥግም ለአኳሪየም የሚሆን ቦታ አይመስለኝም። የቁንጫ መድኃኒት የተቀባ ውሻ ወይም ድመት የነካ እጅ ውሃው ውስጥ አይግባ።

መሞት ሲጀምሩ

ብዙዎች በአንድ ቀን ከሞቱ መርዝ ወይም የኦክስጅን እጥረት ነው። መድኃኒት ተነፍቷል? አዲስ ተክል ገብቷል? ፓምፑ ቆሟል? ገባሪ ካርቦን (መርዝ የሚስብ የከሰል ዓይነት) ፊልተሩ ውስጥ ጨምሩ፤ አየሩን አጠንክሩ፤ በታከመ ውሃ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀይሩ።

በየጥቂት ቀኑ አንድ እየሞተ ከሆነና ሬሳው አንገት ላይ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ካለ ቅርፊት መቀየር አቅቶት ነው። ጂኤች ለኩ። ውሃ የምትቀይሩበትን መጠንም ቀንሱ።

ዓሣ ሳይኖር ጫጩቶች ብቻ የሚጠፉ ከሆነ መስታወቱን በባትሪ ብርሃን ማታ ተመልከቱ። የቀስት ጫፍ የመሰለ ራስ ያለው ነጭ ትል ካለ ፕላናሪያ ነው። ምግብ ቀንሱ። ፌንቤንዳዞል ያለበት መድኃኒት ትሉን ገድሎ ሽሪምፑን ይተዋል፤ ግን ኔሪት ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ አስቀድማችሁ አውጡት።

ሲበዙ

ከዓመት በኋላ ሽሪምፑ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ሊሆን ይችላል። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳትለቁ። ይህ ዝርያ ከአገሩ ውጪ ሥር የሰደደባቸው ቦታዎች አሉ። ጀርመን ውስጥ የኃይል ማመንጫ ሙቅ ውሃ የሚፈስባት ጊልባህ የምትባል ወንዝ አንዷ ናት። ጣናም፣ ሐዋሳም፣ የዋሽንግተኑ ወንዝ ፖቶማክም የየራሳቸው ፍጥረት አላቸው።

ለሚፈልግ ሰው ስጡ። አሥር ሽሪምፕ በአንድ ሊትር የፕላስቲክ ከረጢት አድርጉ። ውሃው ሲሶ ይሁን፤ ቀሪው አየር። የሚጨብጡት እንዲኖራቸው የሞስ ቁራጭ ጨምሩ። ከመንገዱ አንድ ቀን በፊት አትመግቧቸው። ከረጢቱ ላይ የውሃችሁን ጂኤች፣ ኬኤች፣ ፒኤችና ሙቀት ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ተቀባዩ ሽሪምፖቹን ከአዲሱ ውሃ ጋር በጠብታ የሚያለምድበትን ጊዜ በዚያ ልክ ያዘጋጃል። ሞሱንም እንዳይጥለው ንገሩት።